ያደረ ውሃ

በልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከጋሽ ዋቅሹማ ጋር በር ለበር ስድስት ዓመት ስንኖር አንድ ቀን እንኳ በሬን አንኳኩተው አያውቁም ነበር። ሰላምታቸው ደረጃው ላይ ያልቃል። «እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ጠጅቱ» ይላሉ፣ ባርኔጣቸውን ነካ ያደርጋሉ፣ ያልፋሉ። ሚስታቸው ኮከቤ በሕይወት ሳለች የሁለቱንም ድርሻ የምታወራው እሷ ነበረች። እሷ ካረፈች ወዲህ ከዚያ ቤት የሚሰማ ነገር ቢኖር የራዲዮ ዜና ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የሚያዝያ ጠዋት በሬ ተንኳኩቶ ስከፍት እሳቸው ቆመው ባይ፣ ሰው የሞተ መሰለኝና እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

«ከሰል ይኖርዎታል?» አሉኝ።

«ለምን ሊሆንዎት?»

«ለዓሣ።»

አፌ መቼ አርፎ ያውቃል። «ጥብስ ከሆነማ ሎሚና ቃሪያ ይዤ እመጣለሁ» አልኳቸው።

ፈገግም አላሉ። «የሚጠበስ አይደለም፤ የሚኖር ነው» አሉኝ።

ከሰሉን በፌስታል ቋጥሬ ሰጠኋቸውና ሳልጋበዝ ተከተልኳቸው። ሃያ ሁለት ዓመት አብነት ሰፈር ባልዲ፣ ሳፋና ጆግ የሸጥኩ ሴት ነኝ። ሰው አንድ ዕቃ ሲፈልግ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ሳላውቅ መቀመጥ አልችልም።

ቤታቸው ንጹሕ ነው፤ ግን ሰው የሚኖርበት አይመስልም። ቡፌው ላይ፣ ሌላ ሰው ቴሌቪዥን በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ትንሽ የመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። ውስጡ ሦስት ዓሣዎች ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሁለቱ ቀይ ናቸው፣ አንዱ ነጭ።

ጋሽ ዋቅሹማ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። ሌላው የጻፈውን እያነበቡ የተሳተ ፊደል ማቅናት፣ የተዘለለ ነጥብ መመለስ ነበር ሥራቸው። ጡረታ ወጥተውም አመሉ አልለቀቃቸውም፤ የሕንፃው ኮሚቴ የሚለጥፈውን ማስታወቂያ ሳይቀር በቀይ እስክሪብቶ አርመው ነው የሚያልፉት። ለዓሣዎቹም ያወጡላቸው ስም ከዚያው ከሙያቸው ነው። አንዱ ቀይ «ነጠላ ሰረዝ»፣ ሌላው ቀይ «ድርብ ሰረዝ»፣ ነጩ ደግሞ ጎኑ ላይ አራት ጥቁር ነጠብጣብ ስላለው «አራት ነጥብ»። ይህን ሲነግሩኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ።

ዓሣዎቹን ያመጣቻቸው አንድያ ልጃቸው ኢሊሊ ናት። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ ትሠራ ነበር። እናቷ በሞተች በስድስተኛው ወር ሐዋሳ ሥራ አገኘች፤ አባቷን ባዶ ቤት ጥላ መሄድ ከብዷት ያንን ሣጥን ከነዓሣው ገዝታ አስቀመጠችላቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ሐዋሳ ዓሣ ይበላል እንጂ ጤንነቱ አይጠየቅም። ኢሊሊ ግን በየእሑዱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከዚያ ትደውልና «ዓሣዎቹ እንዴት ናቸው?» ትላለች። አራት ዓመት ሙሉ አንድም እሑድ አልዘለለችም።

ውሃውን የሚያጣራው ትንሽ ፓምፕ በዚያ ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጥሏል። ሻጩ ዘንድ ሌላ አልተገኘም፤ ቢገኝም ያው መብራት መልሶ ያቃጥለዋል። ጋሽ ዋቅሹማ ሦስት ቀን ሙሉ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከላይ ወደ ታች ሲያወርዱ ነበር፣ ለልጅ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው። ክንዳቸው ሲዝል ነው መብራት የማይፈልግ ማጣሪያ ለመሥራት የቆረጡት።

መጀመሪያ ቆሜ አየሁ፣ ቀጥሎ ተቀምጬ አየሁ፣ ኋላማ እጄንም አስገባሁ። የሁለት ሊትር የሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ ቂጡን በመቀስ ቆርጠው ዘቀዘቁት። ክዳኑን በጋለ ምስማር ወጋግተው ቀዳዳ በቀዳዳ አደረጉት። አንገቱ ላይ ከአሮጌ የሶፋ ትራስ የቆረጡትን ስፖንጅ ጠቀጠቁ፣ ከስፖንጁ በላይ የእኔን ከሰል ደቆስ አድርገው፣ ከከሰሉ በላይ አሸዋ፣ ከአሸዋው በላይ ጠጠር። ከሰሉን ጥቁሩ እስኪለቅ ሰባት ጊዜ አጠቡት። ለሠርግ የሚፈጭ ጤፍ እንኳ እንዲህ ተበጥሮ አላየሁም። ውሃው ከላይ የሚወርድበትን ባልዲያቸውን ሳየው ጠርዙ የተሰነጠቀ ነው፤ ባልዲ ላይ እኔን የሚያህል ስለሌለ ከቤቴ ጠንካራውን አመጣሁና ከቡፌው በላይ መደርደሪያው ላይ ሰቀልነው።

«ከባልዲው ወደ ሃይላንዱ ውሃው በምን ይወርዳል?» አልኳቸው።

መሳቢያ ከፍተው ያልተከፈተ የግሉኮስ ቱቦ አወጡ። «ለኮከቤ ከገዛነው የተረፈ ነው» አሉ። «ሐኪሙ አምስት ግዙ ብሎን ነበር። አምስተኛው ሳይደርስ አለፈች።»

እሳቸው ቱቦውን ባልዲው ውስጥ ከተቱ፣ ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማ በአውራ ጣታቸው አሽከረከሩ። ነርሶቹ የጠብታውን ፍጥነት የሚለኩባት ጎማ ናት፤ እሳቸውም ስንት ቀን አልጋ ሥር ተቀምጠው እንዳዩዋት እግዜር ይወቅ፣ አንድ ጊዜ ነው ያስተካከሏት። ውሃው ጠብ፣ ጠብ እያለ በሃይላንዱ አልፎ መስታወቱ ውስጥ መንጠባጠብ ጀመረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓሣዎቹ ከውሃው አናት ወደ ታች ወረዱ። ጋሽ ዋቅሹማ ወንበር ስበው ተቀመጡና መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። የከሰል አቧራ ነው አሉኝ።

ማጣሪያው አንድ ችግር ነበረው፤ ውሃ በራሱ ሽቅብ አይወጣም። ባልዲው በአራት ሰዓት ውስጥ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሰው ከመስታወቱ በጆግ እየቀዳ መልሶ ባልዲው ውስጥ መጨመር አለበት። ጋሽ ዋቅሹማ ስልካቸው ላይ ሰዓት ሞሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአራት ሰዓት በላይ ከቤት የሚርቁበት ቀን አልነበረም።

በሰኔ ወንድሜ አረፈ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጣለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን ትቶ አብሮኝ ተቀመጠ። ጋሽ ዋቅሹማ ግን ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ በጮኸ ቁጥር ተነሥተው ውልቅ ይላሉ። እኔ ደግሞ ለቅሶ ላይ ሆኜም ዓይኔ አያርፍም። ሦስተኛው ቀን ላይ ደረጃው ላይ ያዝኳቸው።

«የወንድሜ ለቅሶ ከዓሣ አነሰብዎት?» አልኳቸው።

ክፉ ንግግር ነበር፤ ግን ተናድጄ ነበር። እሳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁና በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይዘሮ ጠጅቱ» አሉ። ከዚያም፣ «ዓሣዎቹ ካለቁ ምን ብላ ትደውላለች?» አሉኝ።

«ማን?»

«ኢሊሊ። እኔ ወሬ አልችልም፤ ያውቁኛል። እሷም ሥራ ይበዛባታል። ዓሣዎቹ እንዴት ናቸው ትለኛለች፣ እነግራታለሁ፣ አሥር ደቂቃ ይሆናል። በሳምንት ያለችኝ ያቺ አሥር ደቂቃ ናት።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። እኔም ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዱ እዚሁ አያት ሰፈር። በዓመት በዓል ይደውላሉ፣ «እማዬ፣ ኔትወርክ የለም» ይሉኛል፣ ያልቃል። የእኔ ልጆች የሚጠይቁኝ ዓሣም የለኝ። ከዚያ ወዲያ የእኩለ ቀኑን ውሃ እኔ ነኝ የምሞላው ብዬ በየቀኑ መሄድ ጀመርኩ። ጋሽ ዋቅሹማን ለመርዳት ነው አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የእኔ ቤት ውስጥ የሚንጠባጠብ ነገር እንኳ የለም፤ ዝምታው ጆሮ ይበላል።

በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ጋሽ ዋቅሹማ ቀዶ ጥገና እንዳለባቸው ነገሩኝ። «የሽንት ነገር ነው» ሲሉ ግድግዳውን እያዩ ነበር። አምስት ቀን ይተኛሉ። ለኢሊሊ እንዳልናገር አስማሉኝ፤ ከሥራዋ ትስተጓጎላለች፣ በዚያ ላይ የእናቷን ሕመም ያስታውሳታል። እሑድ ስትደውል ሆስፒታል ሆነው ያነሡታል፤ ድምፃቸውን አስተካክለው ቤት ነኝ ይሏታል። ከዚያ ቁልፋቸውንና አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ፊደሉ እንደ መጽሐፍ የተለቀመ ነበር፦

«ክብርት ወይዘሮ ጠጅቱ፤
፩. በቀን አራት ጊዜ ከመስታወቱ በጆግ እየቀዱ ባልዲውን ይሙሉ።
፪. ምግብ ጠዋት ብቻ፣ በሁለት ጣት ቆንጥረው ይስጧቸው።
፫. ውሃው ሲጎድል ባደረ ውሃ ይሙሉት።
አደራ።»

አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ብዬ ተቀበልኩ። ሐሙስ ሆስፒታል ገቡ። ሐሙስና ዓርብ ያሉኝን ሁሉ አደረግኩ። በወጥ ቤታቸው በር ሥር ባልዲ ሙሉ ውሃ አስቀምጠው ነበር የሄዱት፤ የጎደለውን ከዚያ ሞላሁ። ግን ያን ውሃ ባየሁት ቁጥር ቅር ይለኝ ነበር። አቧራ አርፎበታል፣ ግራጫ ሆኗል። መስታወቱ ውስጥ ያለውም ቢሆን ሻይ ጠብ ያለበት ይመስላል። «ባደረ ውሃ» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት።

እንግዲህ እኔ ጋሽ ዋቅሹማን አውቃቸዋለሁ። ይሉኝታቸው ልክ የለውም። ለወንድሜ ተዝካር ቤቴ መጥተው እንጀራ ላቀርብላቸው ስል «ያደረ ካለ ይበቃኛል፤ አዲሱን አይንኩብኝ» ያሉኝ ሰው ናቸው። ያደረ እንጀራ ሰጠኋቸው? ትኩሱን ነው ያቀረብኩት፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው በሉ። ሰው «ያደረ ይበቃኛል» ሲል «አትቸገሩብኝ» ማለቱ ነው፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ? ቧንቧችን ውሃ የሚያመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ጋሽ ዋቅሹማ ውሃዬን ላለመሻማት ብለው ነው ያደረ ያሉት ብዬ ፈረድኩ። የሰው አደራ ተቀብዬ፣ ባለቤቱ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ እኔ ለዓሣዎቹ ያደረ ውሃ ልስጥ? ጠጅቱ ሞታ እንደሆነ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃ መጣ። በኃይል ነው የመጣው፤ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፣ ይህ ደግሞ ለእኛ የንጽሕናው ምልክት ነው። ሦስቱን ዓሣዎች ጆግ ውስጥ አቆየኋቸው። አሮጌውን ውሃ ደፋሁ፣ መስታወቱን በጨርቅ ፈተግኩ፣ ያንን ቡናማ ስፖንጅ ሳይቀር ነጭ እስኪሆን ከቧንቧው ሥር አጠብኩ። ከዚያ ከቧንቧው አዲስ የተቀዳውን ውሃ እስከ አፉ ሞላሁና ዓሣዎቹን መለስኩ። መስታወቱ አብረቀረቀ። ዓሣዎቹ ከዳር ዳር ይሮጣሉ፣ ይዞራሉ፣ ይዘላሉ። ጮቤ የሚረግጡ መስሎኝ ቆሜ ሳቅኩላቸው። «እንዲህ ነው እንጂ!» አልኳቸው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ባልዲውን ልሞላ ስመለስ ሦስቱም በጎናቸው ተንሳፍፈው ነበር።

መጀመሪያ የተኙ መሰለኝ። አራት ነጥብን በማንኪያ ነካሁት፤ ዞሮ በሌላ ጎኑ ሆነ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እንዴት እንደሞቱ አልገባኝም፤ የገባኝ ነገር ቢኖር እኔ እንደገደልኳቸው ብቻ ነው። ቆሻሻ ውስጥ መጣል አቃተኝ። በነጠላዬ ጫፍ አውጥቼ በረንዳዬ ላይ ጤና አዳም የተከልኩበት ጣሳ ውስጥ ቀበርኳቸው። ከዚያ አለቀስኩ። ለዓሣ ነው ያለቀስኩት ብል የሚያምነኝ የለም፤ እኔም አላምንም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ አነጋገሬን ሳሰላ፣ ስልኩ ከመደወሉ በፊት መንገር አለብኝ ስል ነበር። ግን ስገባ ዘግይቼ ኖሮ አራት ሰዓት ሆኗል፤ ስልኩ ይጮኻል። ጋሽ ዋቅሹማ እያቃሰቱ ቀና አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም ይበሉ አሉኝና ስልኩን አነሡ።

«ሀሎ፣ ኢሊሊ። ደህና ነኝ። ቤት ነኛ፤ የት እሄዳለሁ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ሞቅ አለ። «ደህና ናቸው! ነጠላ ሰረዝ ስግብግብ ሆኗል፤ ምግቡ ውሃውን ሳይነካ ነው የሚይዘው። ድርብ ሰረዝማ እሱን ነው የሚከተለው። አራት ነጥብ ወፍሯል፣ ትንሽ ልቀንስበት ነው። ማጣሪያው? አንድ ጠብታ አልተሳሳተም!»

እኔ የፔርሙዙን ክዳን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያን አሥር ደቂቃ ያህል የረዘመ ጊዜ በዕድሜዬ አላየሁም። ስልኩን ሲዘጉ ፈገግታው ገና ፊታቸው ላይ ነበር።

«ጋሽ ዋቅሹማ፣ ዓሣዎቹ ሞተዋል» አልኳቸው። ያሰላሁት ሁሉ ጠፍቶኝ እንዲሁ ነው የወጣው።

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

«አራት ነጥብም?»

«አዎ።»

ያደረግኩትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ውሃውን እንደቀየርኩ፣ ስፖንጁን እንዳጠብኩ፣ ከቧንቧው አዲስ የቀዳሁትን ውሃ እንደሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ከቧንቧ ወዲያው የተቀዳ ውሃ መድኃኒት አለው፤ እኛን አይነካም፣ ዓሣን ግን ያቃጥላል» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ቀን ባልዲ ውስጥ ሲያድር መድኃኒቱ ይወጣለታል። ለዚህ ነው ያደረ ብዬ የጻፍኩት።»

«እኔ ደግሞ በይሉኝታ ያሉት መሰለኝ» አልኩ።

ወረቀቱን ጠየቁኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ በአውራ ጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ አነበቡት፣ ሦስተኛው ላይ ቆሙ። ሳቅ ሊያመልጣቸው ነበር መሰለኝ፣ ግን ስፌቱ ስቧቸው አቃሰቱ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስህተት ሳርም ኖሬ» አሉ፣ «የራሴን ሳላርም ሰጠሁዎት። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢሰድቡኝ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ሌላ ሦስት ዓሣ እንገዛለን» አልኩ ለጀርባቸው። «በስልክ ማን ያያል?»

«አልዋሻትም።»

«አሁን ቤት ነኝ ሲሏት የነበረው ምን ነበር ታዲያ?»

«ያ ስለ ራሴ ነው» አሉ።

ማክሰኞ ወጡ። ባዶውን መስታወት ከቡፌው ላይ ላንሣው ብላቸው አይሆንም አሉ። ስልካቸው ግን በየአራት ሰዓቱ መጮኹን አልተወም፤ እንዴት እንደሚጠፋ ያውቃሉ፣ አላጠፉትም። ሲጮኽ ከወንበራቸው ብድግ ይሉና መሀል ወለል ላይ ሲደርሱ ትዝ ይላቸዋል። ይህን ሦስት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። አራተኛውን ላለማየት ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

እሑድ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አልቻልኩም፤ ሄድኩ። ጋሽ ዋቅሹማ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ስልኩ ፊት ለፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። አራት ሰዓት ሲሆን ጮኸ። አላነሡትም። እስኪያበቃ ድረስ ሁለታችንም አየነው።

«ያንሡት እንጂ!» አልኳቸው።

«ምን እላታለሁ? ዓሣዎቹ የሉም ካልኳት በቃ፣ ደህና ሁን ትላለች። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ለምን ትደውላለች?»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ደሜ ፈላ። ብድግ አድርጌው በረንዳው ላይ ወጣሁ።

«ሀሎ፣ ኢሊሊ፣ ጠጅቱ ነኝ፣ ጎረቤታችሁ» አልኳት። «አባትሽ ደህና ናቸው። ዓሣዎቹ ግን ሞተዋል፤ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። አባትሽም ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር፤ እንዳልነግርሽ አስምለውኝ ነው። ይኸው መሐላዬንም አፈረስኩ።»

ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት።

«የኔ ልጅ፣ ለዓሣማ አታልቅሺ፤ እክስሻለሁ» አልኳት።

«ኧረ እትዬ፣ የምን ዓሣ?» አለችኝ እየተንሰቀሰቀች። «እኔ ዓሣ መቼ እወዳለሁ? እማዬ ከሞተች በኋላ ስደውልለት ‹ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ› ብሎ ነበር የሚዘጋብኝ። ያዋራኝ የጀመረው ዓሣዎቹን ካመጣሁለት ወዲህ ነው። ስለ እነሱ ካልጠየቅኩት ሌላ ምን ያወራኛል? ቀዶ ጥገና ሲደረግለት እንኳ ስለ አራት ነጥብ ውፍረት ነው የነገረኝ።»

ከበረንዳው ገብቼ ስልኩን እንደያዝኩ ፊታቸው ቆምኩ።

«ልጅዎ ዓሣ አትወድም» አልኳቸው።

«ምን?»

«ወዳም አታውቅም። የምትጠይቅዎ እርስዎ ከዓሣ ሌላ ስለማያወሩ ነው።»

ጋሽ ዋቅሹማ እኔን አዩ፣ ባዶውን መስታወት አዩ። «አራት ዓመት?» አሉ። «እኔ እኮ እሷ የምትወዳቸው መስሎኝ ነው።»

«እሷም እርስዎ የሚወዷቸው መስሏት ነው» አልኩና ስልኩን እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። ከዚህ በላይ ልናገር ብል እኔም ማልቀሴ ነበር።

በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። «ኢሊሊ» አሉ። «አዎ፣ ደህና ነኝ። ስፌቱ ደርቋል። አንቺስ ደህና ነሽ?» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። ከወዲያም የሚሰማ ድምፅ የለም፤ መስመሩ ግን አልተዘጋም። አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ልበላት?» አሉኝ።

እኔም አላወቅኩም።